ለስማቸው ኮት እንዳያመጡ

ጋምቤላ፣ የሰፈራ ጣቢያ
ኅዳር 20 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ ለቄስ ገብረ ኪዳን፣ ወረታ

እንዴት ሰነበቱልኝ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደብዳቤዎ እስኪደርሰኝ ድረስ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ደህና ነበርኩ።

ከጥምቀት በኋላ ወደዚህ እመጣለሁ ያሉትን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከደብራችን ተነሥተው እዚህ የሰፈሩት ሰዎች ያለ ካህን መቀመጣቸው እውነት ነው፤ የነፍስ አባታቸው እርስዎ መሆንዎም እውነት ነው። ስድሳ አራት ዓመት እንደሞላዎና ክረምት በገባ ቁጥር ደረትዎ እንደሚታፈን ግን በደብዳቤው ላይ አንድም ቃል የለም። ይህ ጎረምሳውን ጎትቶ የሚጥል አገር ነው። ጤና ረዳት ልጅዎ የምትለውን ካልሰሙ ማንን ሊሰሙ ነው? ቢቀሩልኝ ደስታዬ ነው። ቀበሌው የይለፍ ወረቀት ከሰጠዎ እንደማይቀሩም አውቃለሁ፤ ስለዚህ የጠየቁኝን እመልሳለሁ፣ እርስዎም እባክዎ እንደጻፍኩት ያድርጉ።

አገሩ ሐሩር ነውና ስስ ስስ ልብስ ይበቃኛል ወይ ላሉት፣ አይበቃዎትም። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ወፍራም ሹራብ፣ ሁለት ጋቢ፣ ከተገኘም ብርድ ልብስ ይያዙ። ወባ ሲነሣበት ሰው በጠራራ ፀሐይ ጥርሱ ይንገጫገጫል፤ ደብረ ታቦር በታኅሣሥ እንዲህ አይበርድም። የኛዎቹ ቆላ ልንወርድ አይደል ብለው ጋቢያቸውን ወረታ ገበያ ሸጠው መጡ፤ አሁን በጆንያ ነው የምሸፍናቸው።

ሸሚዙ እጅጌው ሙሉ ይሁን። ካልሲው እስከ ጉልበት የሚደርስ ይሁን፤ የሱሪው ጫፍ ካልሲው ውስጥ ይገባል። እንደሚስቁ አውቃለሁ፤ ይሳቁና ያድርጉት። የላስቲክ ቦት ጫማ ይግዙ፤ ጠዋት ጠዋት ገልብጠው ሳያራግፉት እግርዎን እንዳያስገቡ። አራት ባዶ ጣሳ ይያዙ፤ የአልጋው እግሮች ውኃ በሞላ ጣሳ ውስጥ ካልቆሙ ጉንዳን አያስተኛዎትም። የብራናውን ዳዊት ከነማኅደሩ እዚያው ይተዉት፤ ቆዳ እዚህ በሁለት ሳምንት ይሻግታል። የወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልለው ይያዙ። አጎበር ሳይይዙ ከመጡ ከመኪናው ሳይወርዱ እመልስዎታለሁ።

ልጅዎ ደብሬ

ወረታ
ታኅሣሥ 24 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለደብሬ ገብረ ኪዳን

እንደምን ከረምሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ደረቴም ደህና ነው፤ ስለ ደረቴ ደግመሽ እንዳትጽፊ።

ለቀባሪው አረዱት አሉ። ፎገራ ሜዳ ላይ ተወልጄ፣ ክረምት ክረምት ውኃው ከመደቤ ስር እየገባ አድጌ፣ ለቅዳሴ በታንኳ ተሻግሬ፣ አንቺ ስለ ረግረግና ስለ ትንኝ ታስተምሪኛለሽ? ሱሪን ካልሲ ውስጥ መክተት ደግሞ ምን የሚሉት ነው? ጥምጥም ጠምጥሜ፣ መስቀል ይዤ፣ ከታች እንደ እግር ኳስ ተጫዋች ልሁን?

ሆኖም ቃልሽን አልናቅኩም። ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ የቦት ጫማ ጠየቅሁ። ነጋዴው ለሩዝ እርሻ ሰዎች የመጣ ነው ብሎ አንድ ጥንድ አወጣልኝ፤ ሁለቱም የግራ ናቸው። ብነግረው "አባ፣ ጭቃ ውስጥ ማን ያየዋል" አለኝ። ትቼው መጣሁ። ሹራቡን ግን አግኝቻለሁ። ሌላው ሁሉ ከረጢቴ ውስጥ እንዳይገባ ያደረግሽው አንቺ ነሽ።

ምን አደረግሁ እንዳትዪኝ። ቆላው እንደሚያንቀጠቅጥ የጻፍሽውን ሞኙ እኔ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ ተናገርኩ። ከዚያ ወዲህ ቤቴ ሰው አልጠፋም። "እግረ መንገድዎን" እያለ የማይመጣ የለም። ሸጌ ለልጇ ለስማቸው የሟች ባሏን ጥቁር ኮት ገበሩን አስቀይራ አመጣች፤ ኮቱ ብቻውን የከረጢቱን ግማሽ ያዘ። እናኑ ለአማከለች ራሷ ፈትላ ያሠራችውን ነጠላ አመጣች፤ "የወለደች እንደሆነ መታቀፊያ ይሆናታል" ብላለች። ቀጥቃጩ መንግሥቴ ለወንድሙ ለደረሰ ማጭድ ሠርቶ፣ ስለቱን በጨርቅ ጠቅልሎ አመጣ። በርበሬና ሽሮውን አልቆጥርልሽም። የኔ ጋቢ ገና ደጅ ተሰጥቶ ይጠብቃል።

ደግሞ አንቺ ስለ ካልሲ ሁለት ገጽ ስትጽፊ ስለ ሰዎቹ አንድ መስመር የለሽም። ሸጌ በየቀኑ እየመጣች "ስለ ልጄ ምን አለች?" ትለኛለች። ስለ ጉንዳን ጻፈች ልበላት? ለማን ምን እንደሚያስፈልግ፣ ለማን እንደማያስፈልግ ለይተሽ ጻፊልኝና ከረጢቴን ልዝጋ። የይለፍ ወረቀቱ ስለዘገየ መንገዴ ከፋሲካ በኋላ ሆኗል።

አባትሽ ገብረ ኪዳን

ጋምቤላ
ጥር 25 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ

ለጤናዎ እንደምን ከረሙ? ጥምቀት አልፎ ባለመምጣትዎ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ፤ መንገዱ ከፋሲካ በኋላ መሆኑን ሳነብ ደግሞ ምስጋናዬን መለስ አደረግሁ።

አባቴ፣ ከረጢቱ የእርስዎ ነው። ወረታ ሙሉ እንዲገባበት አይደለም። ለሁሉም እሺ ካሉ ለራስዎ ጥርስ የሚያፋጭ ብርድና ባዶ ትከሻ ነው የሚተርፍዎት። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው አርባ በሽተኛ አይቼ ነው፤ ወረቀቱም አንድ ብቻ ነው የቀረኝ፤ ስለዚህ አጠር አድርጌ እጽፋለሁ።

እታለም መርፌና ክር ትፈልጋለች። አዛናው ቤት ሳሙና ይሁንላቸው፤ በርበሬ አላቸው። ለስማቸው ኮት እንዳያመጡ፤ አያስፈልገውም። የአማከለችንም ነጠላ ለእናኑ ይመልሱላት። የመንግሥቴ ማጭድ ኬላ ላይ ያስይዝዎታል፤ ደረሰም አሁን እርሻ ላይ አይደለም። ለምን ብለው አይጠይቁኝ። እኔ መጻፍ የምችለው ይህን ያህል ነው።

ስለ ሰዎቹ ጠይቀዋል። ያሉት ሁሉ ቡራኬዎን ይናፍቃሉ። ስለ ቦት ጫማው ሌላ ነጋዴ ይጠይቁ፤ በወረታ ቀኝ እግር ያለው ሰው አይጠፋም።

ልጅዎ ደብሬ

ወረታ
የካቲት 21 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለልጄ ለደብሬ

አይዞሽ። ከሰላምታ በፊት የምልሽ ይህን ነው።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ በመጀመሪያ ተናደድኩ። እናት ፈትላ ያሠራችውን ነጠላ መልስ ብሎ ነገር ምንድን ነው፣ ልጄ በሰው አገር ልቧ ደነደነ ወይ አልኩ። ከዚያ ተቀመጥሁና ደግሜ አነበብኩት። አርባ ዓመት የነፍስ አባት ሆኛለሁ። "ትንሽ አሞታል" ብሎ ጀምሮ "ጠንከር ብሎበታል" እስኪል ድረስ ሰው ሞትን እንዴት እንደሚያዞረው እኔ ነኝ የማውቀው። ለሦስት ሰው ብቻ እንዳላመጣ አልሽኝ፤ ለምን ብዬ እንዳልጠይቅሽ አልሽኝ። መርዶ በደብዳቤ እንደማይነገር ያስተማርኩሽ እኔው ነኝ። ገባኝ።

ቅዳሜ የካቲት 15፣ ሰባት ሽማግሌ ይዤ ጎህ ሲቀድ ወጣን። ከመንግሥቴ ጀመርን፤ ወናፉን ለቀቀና እሳቱን እስኪጠፋ ድረስ አየው። እናኑ ገና በሩ ላይ ስታየን ወደቀች። ሸጌ ቀስ ብላ ሰምታ፣ "የአባቱን ኮት እንኳ ሳይለብስ?" ብላ ነው የጀመረችው። ጠጉሯን ተላጭታለች። አሁን ሸጌና እናኑ በአንድ ሰሌን ላይ ተቀምጠው፣ አንዷ ስትደክም ሌላዋ ታለቅሳለች። እህልም የሚቀምሱት አብረው ነው።

አንቺ ይህን ሁሉ ወር ብቻሽን ተሸክመሽው ስለ ካልሲ ትጽፊልኛለሽ። እዚያ አጠገብሽ አለመኖሬ ቆጨኝ። ግን ልቆጣሽም ነው፤ ነገር በምሳሌ ይባላል እንጂ መርዶ በኮት አልተባለም። ጎንደር ላለው አጎትሽ በሰው ብትልኪ እሱ መጥቶ ይነግረኝ ነበር።

ፍትሐቱን እዚህ አድርሻለሁ። ለተዝካሩ ቀኑ ያስፈልገናል፤ ሦስቱም በየትኛው ቀን እንደሆነ ጻፊልኝ። ለቀስተኛ ጥዬ መሄድ ስለማይሆንልኝ መንገዴን ወደ ግንቦት መጨረሻ አዛውሬዋለሁ።

አባትሽ

ጋምቤላ
መጋቢት 19 ቀን 1978 ዓ.ም.

አባቴ

ስማቸው አለ።

ሰላምታውን ይለፉኝ። ስማቸው በሕይወት አለ፣ ይህን ስጽፍ ፊት ለፊቴ ቆሞ የተጠበሰ በቆሎ ይበላል። ምን አደረጉ? ምን አደረግን? ኮት አያስፈልገውም ያልኩት ስለማያስፈልገው ነው! ትራክተር ነጂ ሆኖ ካኪ ኮት ከነሱሪው ሰጥተውታል፤ ወባም እስካሁን አልነካውም፤ ባለፈው ክረምት የነበረው ሱሪም ወገቡ ላይ አልቆለፍ ብሎታል። ስለ እሱ የጻፍኩት ስለ እታለም መርፌ እንደጻፍኩት ነው። ከሁለቱ ስም አጠገብ ማስቀመጤ ጥፋቴ ነው። አርባ በሽተኛ አይታ የምትጽፍ ሰው ማን ከማን አጠገብ እንደሚወድቅ አታይም። እርስዎስ አንድ ቃል ጽፈው ሳይጠይቁኝ ሰባት ሽማግሌ ያሰልፋሉ?

ደብዳቤዎን ሳነብለት መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ "ማን ማን አለቀሰ?" አለኝ። አላውቅም አልኩት። "አጎቴስ ከአንበሳሜ መጥቷል?" አለኝ። እሱንም አላውቅም ስለው አኮረፈ። ማታ ግን ክሊኒኩ ደጃፍ መጥቶ "እናቴ እውነት ጠጉሯን ተላጨች?" ብሎ ጠየቀኝና ሳልመልስለት ሄደ።

ሸጌ ደብዳቤ እንደማታምን አውቃለሁ። ሞቶ ሳለ ሊያጽናኑኝ ነው ትላለች፤ እኔም ብሆን እላለሁ። ስለዚህ ከሱቁ ቴፕ ተውሰን ድምፁን በካሴት ቀድተናል። ይህን ደብዳቤና ካሴቱን የሚያመጣልዎ ሾፌሩ አያልነህ ነው፤ እሱም ስማቸውን በዓይኑ አይቶታል። ከሁሉ አስቀድመው ለሸጌ ያሰሟት። ቀስ አድርገው ይሁን፤ ደስታም ይጥላል።

ስለ ሁለቱ አልተሳሳቱም።

ልጅዎ ደብሬ

ወረታ
ሚያዝያ 9 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለልጄ ለደብሬ

ካሴቱ ደርሷል። ከዚህ በኋላ የምጽፍልሽን ተቀምጠሽ አንብቢው።

እኔ ቤት ቴፕ እንደሌለ ታውቂያለሽ። ሻይ ቤቱ ወሰድነው። ለሸጌ ብቻዋን ላሰማት ብዬ ነበር፤ ወረታ ላይ ብቻውን የሚሰማ ሰው የት አለ? ጎረቤቱ ሁሉ ተከትሎ ገባ። እናኑም ከሸጌ ጋር ተደጋግፋ መጣች፤ ማን ይከልክላት? "እማዬ፣ እኔ ስማቸው ነኝ፣ አልሞትኩም" ሲል ሸጌ አልጮኸችም። እጇን ቴፑ ላይ አድርጋ እስኪጨርስ አዳመጠች። አጎቱ ለቅሶው ላይ መጥቶ እንደሆነ የሚጠይቀው ላይ ሲደርስ "የኔው ነው፣ ይኸ ነገረኛ" አለች። ያን ጊዜ ሴቱ ሁሉ እልል አለ።

እናኑም አብራ እልል ብላለች። ካሴቱ ሲያልቅ ግን የሻይ ቤቱን ባለቤት እጅ ያዘችና "እስቲ ገልብጡልኝ፣ የኔይቱ ከዚህ ወዲያ አይዶለች?" አለች። ሰውየው ገለበጠው። በዚያኛው ፊት ከድሮ የቀረ የጭፈራ ዘፈን ነበር። በዐቢይ ጾም፣ እኔ ካህኑ ተቀምጬ፣ ከበሮና ጭብጨባውን እስከ መጨረሻው ሰማን። ማንም ዝጋው ለማለት አቅም አላገኘም። እናኑ በየዘፈኑ መካከል አንገቷን ወደ ቴፑ ታስጠጋለች።

በማግስቱ ጥቁሯን አውልቃ፣ ነጭ ለብሳ መጣች። "በአንደኛው የተሳሳተ ቄስ በሌላው አይሳሳትም ወይ?" አለችኝ። እንዴት ብዬ ልቆጣት? ደብዳቤሽን አወጣሁና "ስለ ሁለቱ አልተሳሳቱም" የሚለውን አነበብኩላት። "ሞተች ይላል?" አለችኝ። አይልም። "እንግዲያውስ" ብላ ሄደች። ነጠላውን መልሳ አምጥታ ከረጢቴ ውስጥ አስገብታዋለች። በየጠዋቱ ትመጣለች፤ "ዛሬስ ወረቀት አልመጣም?" ትላለች። ሸጌ ደግሞ ልጇን ከሞት ያገኘች ሴት፣ በእናኑ ደጅ ማለፍ አፍራ በጓሮ ትዞራለች። መንግሥቴም ሥራውን ትቶ ካሴት ይመጣ እንደሆነ ሾፌሮችን ይጠይቃል።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ይኸው ሞኙ እኔ ነኝ፣ ወረቀቱም ያንቺ ነው። መርዶ እንዴት እንደሚነገር ሥርዓት አለው፤ እንዴት እንደሚመለስ ግን ማንም አላስተማረኝ። ዳግመኛ ሽማግሌ ይዤ ብሄድ ማን ያምነኛል? ስለዚህ ያልተደረገውን አድርጊልኝ፤ በግልጥ ጻፊ። ነጠላም ኮትም የሌለበት ይሁን። ሞተች ብለሽ ጻፊ፤ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ማን እንደቀበራት። ለኔ ሳይሆን ለሷ ጻፊ። ነውር ከሆነ ነውሩ የኔ ይሁን።

ደክሞኛል፣ ልጄ። ያልሽኝን የቦት ጫማ አልገዛሁም።

አባትሽ

ጋምቤላ
ግንቦት 3 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለእማማ እናኑ፣ ወረታ

ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን።

እማማ እናኑ፣ ይህን የሚያነቡልዎ አባቴ ናቸው። እንዳያቋርጡ ነግሬያቸዋለሁ።

አማከለች ሞታለች። ዓርብ ጥቅምት 29 ቀን 1978 ዓ.ም. ነው፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ። ወባ ነው፤ ራሷ ላይ ወጣ። አራት ቀን ታማለች። መድኃኒቱን እኔ ሰጥቻታለሁ፤ የነበረውን ሁሉ ሰጥቻታለሁ፤ አልሆነም። እርጉዝ አልነበረችም፤ ይህንን የምጽፈው ሌላ ነገር እንዳያስቡ ብዬ ነው። በሦስተኛው ቀን እናቴ ነሽ ብላ ይዛኝ ነበር። አዎ አልኳት።

የቀበርናት እኔ፣ እታለም፣ ስማቸውና አዛናው ነን። መቃብሯ ከወንዙ በላይ፣ ውኃ ከማይደርስበት ጉብታ ላይ፣ ትልቁ ሾላ ስር ነው። ደረሰም አጠገቧ ነው፤ ኅዳር 8 ቀን፣ በዚያው በሽታ። አባቴ ለመንግሥቴም ይህንኑ ያንብቡለት።

እማማ እናኑ፣ ቀድሜ ባለመጻፌ ይማሩኝ። በደብዳቤ አይነገርም ብዬ ነበር። እውነቱን ልንገርዎ፤ ካልጻፍኩት የምትነሣ ይመስለኝ ነበር።

ከአማከለች ወዲህ ዘጠኝ ሰው ቀብረናል። ካህን የለም። አፈር ሲመለስ ሁሉም ወደ እኔ ያያል፤ የቄስ ልጅ ነኝና። አባታችን ሆይ እልና ይበቃል እላለሁ። እንደማይበቃ ሁላችንም እናውቃለን።

አባቴን እንዳይመጡ ስከለክል የኖርኩት እኔ ነኝ። እሳቸውን በእጄ የምቀብር እየመሰለኝ ነው በቦት ጫማና በካልሲ ስጨቀጭቃቸው የከረምኩት። አሁን ግን አልቻልኩም። እርስዎ ለልጅዎ አልቅሰው ሲያበቁ፣ ክረምቱ ገብቶ መንገዱ ሳይዘጋ፣ አባቴን ይላኩልኝ።

ምንም ባይዙም ይምጡ።

ደብሬ